ከሾላው አርባ እርምጃ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አስተማሪዋ ከጢያ ጉብኝት ሲመለሱ «ከአያቶቻችሁ ታሪክ ጠይቁና አንድ ገጽ ጻፉ» ብላቸው ነው የተጀመረው። አንድ ገጽ አልበቃኝም። አባቷም አይቶት ይሄ ለትምህርት ቤት አይሆንም ብሏል። ካልሆነም አይሁን፣ አንቺ ብቻ ጻፊው አልኳት።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥር መኪና የሚቆምበት ሜዳ አለ፣ ከሜዳው ዳር አንድ ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው ወዲያ ገደል። ያ ሾላ የኛ ነበር። መኪና የሚቆምበትም አውድማችን ነበር፤ ጤፉን እዛ በበሬ አበራይተናል። መሬቱ ለግንባታ ሲወሰድ ቤቱንም በረቱንም ዶዘር ገፋው፤ ሾላውን ሠራተኞቹ ለጥላ ብለው ተዉት። ልጄ በዕጣ ቤት የደረሰው እዚሁ መሆኑን ሲያውቅ «እማዬ፣ ወደ መሬትሽ ተመለስሽ እኮ!» ብሎ ሳቀ። በረንዳው ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ሰው ከአውድማው በላይ አራት ፎቅ ወጥቶ እየተኛ ተመለስኩ ይላል?

ዘንድሮ ምራቴ ሴት ልጅ ተገላገለች። ገና አራስ ሳለች የትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ታሪክ ይዩ ብሎ ጢያ ሊወስዳቸው ሆነ፤ ልጆቹን የሚያግዝ ሰው ከወላጆች ይምጣ ተባለ። ልጄ ቃሊቲ መጋዘን ነው የሚሠራው፣ ፈቃድ አላገኘም። እኔ ሄድኩ። ልጆቹ ባሱ ውስጥ የቡታጅራን መንገድ እስክንይዝ በዘፈን ጮኹ፣ ከዛ ግማሾቹ ፌስታል ላይ አስመለሱ። የልጅቷ ጓደኛ ቺፕስ እያቀበለችኝ «አኮ፣ ብዪ እንጂ፣ ጥርስ አያስፈልገውም፣ ራሱ ይሟሟል» ትለኛለች። የኛ ልጆች አያታቸውን አኮ ነው የሚሉት፤ እሷም ከነሱ ሰምታ ነው።

ጢያ ድንጋዮቹ ቆመዋል። ዙሪያቸውን አጥር ነው፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ጉልበቴ ሲደክም አንዱን ድንጋይ ደገፍ አልኩት።

«እማማ፣ እሱን አይደገፉት! ቅርስ ነው!» አለኝ ዘበኛው።

«እኔስ? ከሱ የማንስ መሰለህ?» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፤ ግን አስለቀቀኝ።

አስጎብኚው ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸውን ሰይፍ እያሳየ «ከሥራቸው ሰው ተቀብሯል» አለ። «ተቆፍሮ ሲታይ እናቱ ሆድ ውስጥ እንዳለ ሕፃን ተጣጥፈው ነው የተገኙት።»

የልጄ ልጅ እጇን አወጣች። «ስማቸው ማን ነው?»

«አይታወቅም።»

«ዘመዶቻቸውስ?»

«እነሱም አይታወቁም።»

«ታዲያ ማን ይጠብቃቸዋል?»

«እኛ ነና!» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

እኔ ተጣጥፈው ከሚለው ወዲያ አልሰማሁም፤ ይሄን ልጅቷ ናት በኋላ የነገረችኝ።

ምሳ ስንበላ ልጅቷ አጠገቤ መጥታ «አኮ፣ የኛስ ሰዎች የት ነው የተቀበሩት?» አለችኝ። አያትሽ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አልኳት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ከአርባ ዓመት በላይ ለማንም ያልተናገርኩትን ምሳ ዕቃ ይዛ ለተቀመጠች ልጅ ነገርኳት።

አባቷ ከመወለዱ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። የምንጠራት ስም ነበራት፤ እሱን እንኳን አላጽፈውም፣ የኔ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። የኔዋ አራት ቀን ሲቀራት አንድ ሌሊት ተኮሰች፣ ጠዋት አለቀች። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ በኛ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም ነበር። ለቅሶ አይቀመጡለት፣ እድር አይወጣለት። ባሌ ከጓሮ፣ ከአውድማው ጥግ ቆፈረ። በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ እግሯን ወደ ሆዷ አጥፌ ሰጠሁት። በማግሥቱ እሱ ሊያርስ ወጣ፣ እኔ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። አልቅሺም አታልቅሺም ያለኝ ሰው የለም። መቃብሯ ከሾላው ወደ ገደሉ አርባ እርምጃ ነው። እሱን ብቻ ያዝኩ።

ልጅቷ ምሳ ዕቃዋን ዘጋች። ቤት እንደገባን ግን አራስ ጠያቂ ጎረቤት በተቀመጠበት «አባዬ፣ እህት እንደነበረችህ ታውቃለህ?» ብላ አፈረጠችው።

ልጄ ወደኔ ዞረ። «ምን እህት?»

ነገርኩት። ምራቴ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። የሷ ልጅም ያን ጊዜ ሰማንያ ቀን አልሞላትም ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ አሁን ይወራል? አራስ ባለበት ቤት?» አለ ልጄ። ስለ እህቱ አንድ ነገር እንኳን አልጠየቀኝም። ቀይ ነበረች ጥቁር፣ ማንን ትመስል ነበር፣ ምንም። እኔ ደግሞ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። እሱን ነበር የምትመስለው።

ክርስትናው ደረሰ። ድንኳኑ ከሥር ሜዳው ላይ እንደሚተከል ስሰማ ልጄን ለብቻው ጠርቼ «አንድ ነገር ብቻ» አልኩት። «ብሉ፣ ጨፍሩ፣ ድንኳኑንም ትከሉ። ከሾላው ወደ ገደሉ ባለው ጥግ ግን እሳት አታንድዱ።» ስልኩን እያየ «እሺ» አለ።

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ሕፃኗን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ በጨለማ ደረጃውን ስለማልችል ቀረሁ። በረንዳ ላይ ብወጣ እድርተኞቹ ድንኳኑን ተክለው ጨርሰዋል፣ ወጥ ሠሪዎቹ ከድንኳኑ ጀርባ ሦስት ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ እያስቀመጡ ነው። ጉልቻ። እዛው ላይ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል።

አራቱን ፎቅ ግድግዳ እየያዝኩ ወረድኩ። ከወጥ ሠሪዎቹ በርጩማ ወሰድኩና ጉልቻው መሀል አስቀምጬ ተቀመጥኩበት።

«ምነው እማማ፣ ብርድ ነው?» አለች ዋናዋ ወጥ ሠሪ። «ትንሽ ይታገሡ፣ እሳቱ ሲነድ ይሞቅዎታል።»

«ሌላ ቦታ አንድዱ።»

«ነፋሱ ወደ ድንኳኑ ነዋ ሌላው ቦታ፣ እንግዳውን በጭስ ልንጨርሰው ነው? ይነሡ በሞቴ፣ ወይስ ድስቱን እርስዎ ላይ ልጣደው?»

ሴቶቹ ተንከተከቱ። አልተነሣሁም። እነሱም ሽንኩርቱን እየከተፉ አንዴ እኔን አንዴ ሰዓቱን ያያሉ። ፀሐይ ከፍ ሲል ልጄ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ።

«እማዬ፣ ተነሺ። ሰው እየገባ ነው።»

«እሺ ብለኸኝ ነበር።»

«እድርተኞቹ ናቸው የተከሉት፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።» ከዛ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ደግሞ እዚህ ምንም የለም እኮ። ዶዘር ስንቴ ገለበጠው? አፈሩን ራሱ በገልባጭ ጭነው ወስደውታል።»

የማላውቅ መስሎት ነው። አፈሩ ሲጫን ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው መኪና ይሆን ሁለተኛው እያልኩ። ይሄንን ለልጄ አልመለስኩለትም፣ አሁን ነው የምናገረው።

እልልታ ተሰማ። ምራቴ ሕፃኗን በነጭ ጋቢ አቅፋ መጣችና ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። ሕፃኗን ለክርስትና እናቷ ሰጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ዛሬ የልጄ ቀን ነው። የሌላ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡባት።»

ክፉ ሴት አይደለችም። ፈርታ ነው። በሷ ቦታ ብሆን እኔም እፈራ ነበር። ተነሣሁ።

ተነሣሁ ነው የምልሽ፣ ጻፊው። ማንም ጎትቶ አላነሣኝም። በርጩማውን ራሴ ይዤ ዞር አልኩ፣ እነሱም ክብሪቱን ጫሩ። ድንኳን ውስጥ የክብር ቦታ ሰጥተውኝ ከዛ እሳት ላይ የወጣውን ወጥ አቀረቡልኝ። ሰው እያየኝ ነው ብዬ በላሁ። ጨው እንኳን አልጎደለውም።

ከክርስትናው በኋላ ቦታው ላይ ጥቁር አመድ ቀረ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከገደሉ የጭንቅላት ያህል ድንጋይ ሆዷ ላይ አስደግፋ አመጣች። ሚስማርም ይዛለች።

«ሰይፍ ልሳልባት?»

«ማንን ገደለችና?»

«ታዲያ ምን ነበራት?»

«ነጠላ።»

በሚስማሩ እንደ ነጠላ ጥለት ዙሪያውን ሰረዝ ሰረዝ አደረገችበትና አመዱ ላይ አስቀመጠችው። አባቷ ሲገባ አየው። ቤት ገብቶ እራቱን በላ።

ድንጋዩ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ከበረንዳ ሳየው የለም። ምድር ቤት የሚኖር ባለሚኒባስ ከኋላ ጎማው ሥር ሸጉጦታል፤ ሜዳው ወደ ገደሉ ያዘቀዝቃል፣ ለመኪናው ታኮ አድርጎታል። ወረድኩ። «ልጄ፣ ይሄን ድንጋይ ተውልኝ» አልኩት።

«የእርስዎ ነው እንዴ እማማ? ጥሩ ድንጋይ እኮ ነው፣ ጎማው አይንሸራተትም!» አለ። ለምን እንደፈለግኩት ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጄ ከነቦርሳው ከሥራ ሲመጣ አየሁት። አየኝ፣ ደረጃውን ይዞ ወጣ። እኔም ለባለሚኒባሱ «በቃ፣ ስትጨርስ ካነሣህበት መልሰው» አልኩት። «ለእርስዎማ!» አለኝ።

አይመልሰውም። ጠዋት ጠዋት በእግሩ ገፋ አድርጎት ይሄዳል፣ አንዳንዴ እስከ ሾላው ድረስ። ልጅቷ ስትመጣ አንስታ ልትመልሰው ከሾላው እርምጃ ትቆጥራለች፣ ግን አርባው ያኔ ወጣት ሆኜ የተራመድኩት ነው። የሷ አርባ አይደርስም፣ የኔ የዛሬው አርባም ግማሹን አይሄድም። ስለዚህ እኔ ከበረንዳው በእጄ አሳያታለሁ፤ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደኋላ፣ እሱ ላይ። ሲመሽ ባለሚኒባሱ መጥቶ ያነሣዋል። እኔ በረንዳው ላይ የማልቆም ቀን ድንጋዩ እሱ የገፋበት ይቀራል።