ከሦስት መቶ ቤት አንድ ልጅ

ሃያ ስድስት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ስታነብ ስለኖረች ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ቆጣሪ» ይላታል። ጡረታ ወጥታ ግድግዳ እያዩ መዋል ሲያንገሸግሻት፣ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ቤት ለቤት የሚመዘግብ ሰው እንደሚፈልግ ሰማች። ጊዜ አላጠፋችም። «ከውሃ ወደ ሰው አደግሁ» አለችው ወንድሟን።

ወንድሟ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ አብሯት ይኖራል፤ የእጅ ሰዓት ይጠግናል። ሳህኑ ላይ ወጡና ሰላጣው ከተነካኩ አይበላም። ሰው ሲያናግረው ዓይኑ ከሰውየው ፊት ይልቅ እጁ ላይ ነው። እሷ «አመሉ ነው» ብላ ከተወችው ቆይታለች።

ሦስት መቶ ቤት ደረሳት። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ በዚህ ቤት ኦቲዝም ያለበት ልጅ አለ? አንዱ «ከክፉ ይሰውረን» ብሎ በሩን ገርበብ አደረገ። አንዷ ደግሞ «ምንድን ነው እሱ፣ የሚሸጥ ነው?» አለቻት። መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ መዝግባ ተመለሰች። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የሄደችው ባልደረባዋ ግን ከዚያኑ ያህል ቤት ዘጠኝ አገኘች።

ጥናቱን የምትመራው ሐኪም ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋች። «ማዶ ልጆችን የሚመረምር ክሊኒክ አለ» አለች፤ «ወላጆቹ ኦቲዝም የሚለውን ስም ያውቁታል።»

«ዶክተር፣ ሰው በሞላበት ቤት ቆጣሪው ዜሮ ካለ፣ ውሃ አይጠጡም ብዬ አልጽፍም። ቆጣሪው ተበላሽቶ እንደሆነ ነው የማየው።»

ሐኪሟ ሳቀች። «በአገርና በአገር መካከል ያለውም ልዩነት እንዲሁ ነው» ብላ አስረዳቻት። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ይባላል። ግን አንዱ አገር ሐኪም ቤት የመጣውን ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ ይፈልጋል፤ ሌላው ጭራሽ ቆጥሮ አያውቅም። ሴቶች ልጆች ደግሞ «ዝምተኛ ናት» ተብለው ይታለፋሉ።

በሁለተኛው ዙር አሥራ አምስት ጥያቄ ያለው ቅጽ ተሰጣት። መጀመሪያ የሄደችው ፊት «የለም» ብሎ ወደመለሳት ልብስ ሰፊ ነበር።

«ልጅህ ስሟን ስትጠራት ዞር ትላለች?»

የስፌት መኪናውን አቆመ። «አንዳንዴ። ጆሮዋ ግን ደህና ነው፤ የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከጓሮ ትሰማለች።»

«በምን ትጫወታለች?»

«በቁልፎቼ። በቀለም በቀለም ስትደረድር ትውላለች።» መቀሱን አስቀመጠ። «በሽተኛ አይደለችም እኮ፣ እትዬ።»

«ማን አለ? ልጅህን እንዳውቃት ነው የምጠይቅህ።»

ይሄኔ የስድስት ዓመቷ ልጅ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ የእንግዳዋን ሹራብ አየችና «ሦስተኛው ቁልፍ የሌላ ልብስ ነው» አለች። እውነቷን ነበር። አባቷ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ።

ከዚያው ሦስት መቶ ቤት ስምንት ልጆች ተጠቆሙ፤ ሐኪሟ መርምራ ስድስቱን አረጋገጠች። የልብስ ሰፊው ልጅ አንዷ ናት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ቅጹን ለወንድሟ አነበበችለት።

«ዕቃ ከቦታው ሲነሳ ትረበሻለህ?»

«ማክሰኞ ጨው መያዣውን አንስተሻል፣ እታለም።»

«አዎ ልበል?»

«አዎ በይ።»

አሥራ አምስቱንም ከመለሰ በኋላ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለበጠው። «ይሄን የጻፈው ሰው ያውቀኛል» አለ። እሷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ሐኪሟን «ወንድሜን የት ልጻፈው?» አለቻት።

«ቅጹ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉት ነው።»

«ታዲያ እንደሱ ያሉት ስንት ናቸው?»

«እዚህ ማንም አልቆጠራቸውም» አለች ሐኪሟ፤ ቢሆንም ቀጠሮ ያዘችለት። ክራቫት አስሮ ሄደ፤ ሲመለስ እያፏጨ ነበር።

«ምን አለችህ?»

«አዎ ነው አለች። እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙ ናችሁ አለችኝ።»

በሚቀጥለው ወር ቅጹ ላይ ለአዋቂዎች አንድ ገጽ ተጨመረ። እትዬ ቆጣሪ የመጀመሪያውን መንገድ ለኔ ስጡኝ ብላ አዲስ ጫማ ገዛች።