ማር የተወራረደበት ጥያቄ

ሚኒስትር ሆኜ የሠራሁት ለሦስት ቀን ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቴ ፍኖተ ሰላም የተከራየኋት አንድ ክፍል ነበረች፤ ወንበሬም የአከራዬ ዱካ። ጥያቄ የሚያቀርቡልኝ የሸንጎ አባል የአባቴ ታናሽ ወንድም ነበሩ።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ብሔራዊ ሸንጎ ሲቋቋም አጎቴ ከቡሬ ገጠር ተመረጡ። ገበሬ ናቸው። መሠረተ ትምህርት ገብተው ማንበብ ችለዋል፤ እስክሪብቶ ሲይዙ ግን ሞፈር የጨበጡ ይመስሉ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ግንቦት ላይ፣ ሚኒስትሮች ቀርበው ለአባላቱ ጥያቄ መልስ የሚሰጡበት ስብሰባ ተጠራ። አንድ አባል አንድ ጥያቄ ብቻ ማቅረብ ይችላል፤ የሚሰጠውም ሦስት ደቂቃ ነው ተባለ።

አጎቴ ይህን ይዘው የቀበሌያቸውን ሰው ዋርካ ሥር ሰበሰቡ። ጥያቄ ያልያዘ አልነበረም። አንዱ፣ ማዳበሪያው የሚመጣው እህሉ ከበቀለ በኋላ ነውና የእርሻውን ሚኒስትር ጠይቅልን አለ። ሌላው፣ ኮረብታው ዛፍ ይተከልበታል ተብሎ ተከለለ፤ ሣሩ እውስጥ ይበሰብሳል፣ በሬዬ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያየዋል አለ። ሦስተኛው ልጁን ኪነት እያሉ በአረም ወቅት የሚወስዱበት ነበር። «የባህሉን ሚኒስትር፣ ጭፈራውን ከአረም በኋላ ያድርጉልን በልልኝ» አለ። ሲከራከሩ ቆይተው፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ «ሁሉን የጠየቀ ምንም አልጠየቀም። ቤቱን ጠይቅ» አሉና ነገሩ በዚያ አለቀ።

ቤቱ የትምህርት ቤት ነው። ሰው እንጨቱን ቆርጦ፣ ጭቃውን አቡክቶ፣ ቆርቆሮውን አዋጥቶ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል የሠራው ነው። አስተማሪ ስላልተመደበ ሁለት ዓመት ተቆልፎ ቆሟል። የአጎቴ ልጅ ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምራለች። ወድቃ አይደለም። ያለፉት ልጆች የተማሩትን እንዳይረሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው እንደገና ይማሩ ነበር። እኔ የተማርኩት ቡሬ ከነበረች አክስታችን ቤት አድሬ ነው፤ እሷ ካረፈች ወዲህ እዚያ ልጅ የሚያስጠጋ ዘመድ አልነበረንም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ለልጅቱ ሽማግሌ ተላከ። እናቷ «እስከ መስከረም ታገሡን። ሰባተኛ ከተከፈተ ትማራለች፤ ካልተከፈተ እንነጋገራለን» አለቻቸው።

አጎቴ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳቸው ከሦስት ቀን በፊት እኔ ዘንድ መጡ። ጥያቄውን ጻፍኩላቸው። ከዚያ «እንግዲህ ሚኒስትር ሁኝልኝና እንልመደው» አሉ። አከራዬ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ባልቴት ነበሩ፤ እሳቸው ሊቀመንበር ሆኑ። የእጅ ሰዓቴን ሰጥቼ ረጅሙ ቆጣሪ የት ሲደርስ ሦስት ደቂቃ እንደሚሞላ አሳየኋቸው። ደወላቸው ብርጭቆና ማንኪያ ነው።

አጎቴ ቆመው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ጓድ ሚኒስትር፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰቡ ደህና ነው? ከብቱ ደህና ነው?»

«ጋሼ፣ ሚኒስትር ከብት የለውም።»

«ከብት የሌለውን ሰው ማን ሚኒስትር አደረገው?»

እንደገና ጀመሩ። ለዚህ ቀን ላደረሳቸው አምላክ ምስጋና አቀረቡ፤ እዚያ እግዜር አይነሣም ብዬ አስተውኳቸው። ስለ አገሩ ልምላሜ ተናገሩ። ስለ አባቶቻቸው ተናገሩ። ቤቱ ጋ ሳይደርሱ ብርጭቆው ጮኸ።

«ምነው እትዬ፣ ገና መቼ ተነፈስኩ?»

«ሰላምታው በላው» አሉ አከራዬ። «እኔ ዘንድ እንዲህ ያለ ደንበኛ ቢመጣ ጨርቁ ሳይለካ ገበያው ይበተናል።»

በሁለተኛው ቀን ጥያቄው ጋ ደረሱ። እኔም መለስኩ። ስንት ዓመት ከበላይ የሚመጣ ደብዳቤ ስመዘግብ ስለኖርኩ ቃሉን መፈለግ አላስፈለገኝም።

«የተነሣው ጉዳይ ከበጀት ዓመቱ ዕቅድ ጋር ተገናዝቦ ወደፊት የሚታይ ይሆናል።»

አጎቴ ጠጋ አሉኝ። «ይህ እሺ ነው እምቢ?»

«ሁለቱም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መልስ ነው።»

አከራዬ ማንኪያውን እንደያዙ ሳቁ። እውነቱን ልናገር፣ ማምለጡ ጣመኝ። አጎቴ በአንድ በኩል ሲመጡብኝ በሌላ በኩል እወጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻዋን አወጣሁ። «የግንባታውን መጠናቀቅ የሚገልጽ ሪፖርት ለመሥሪያ ቤታችን አልደረሰም።»

አጎቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እንጨቱን በትከሻዬ ያመጣሁለትን ቤት የለም አልሽኝ?» ጋቢያቸውን ወደ ወገባቸው አወረዱ፤ እጃቸውን ዘረጉ። «ጉንዶ ማር እሰጣለሁ! ቤቱ ቆሞ ባይገኝ ጉንዶ ማር እሰጣለሁ! አንችስ ምን ትሰጫለሽ?»

የድሮ ሙግት እንዲህ ነበር። ተሟጋች ቃሉን በውርርድ ያስራል፤ በጉንዶ ዕቃ ሙሉ ማር፣ በበቅሎ፣ እንደ አቅሙ። ያልተወራረደ ባለጋራ እንደ ፈራ ይቆጠራል። አጎቴ በልጅነታቸው ከአባታቸው ኋላ ቆመው ያዩት ሸንጎ እሱ ነው። እኔ ግን ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ ይህን እዚያ እንዳይሉ። የፊውዳል ሥርዓት ናፋቂ ይሉዎታል። ሚኒስትር አይወራረድም።»

«ፈርቶ ነው እንዴ?»

«ይቅርብዎት። ሪፖርት የለም ካሉ፣ ቅጂው በእጄ አለ ይበሉ።» ይህንኑ በትንሽ ወረቀት ጽፌ፣ ቀበሌው የላከውን ሪፖርት ቅጂ ጨምሬ ሰጠኋቸው።

«እሺ፣ ጓድ ሚኒስትር። ማሩን ቤቴ ትቼው እሄዳለሁ» አሉ። በማግስቱ ማለዳ ከቡሬ የመጣው አውቶቡስ ይዟቸው በጅጋ በኩል ወደ አዲስ አበባ አቀና።

የስብሰባው ዕለት ሬዲዮ ከጥያቄዎቹ አንዳንዱን ከሰዓት በኋላ እንደሚያሰማ ተነግሮ ነበር። አስፈቅጄ ወደ አከራዬ ሱቅ ሄድኩ። የገበያ ቀን ስለነበር ወሬውን የሰማ ሁሉ በሩ ላይ ቆሟል። ስለ ደን ተጠየቀ። ስለ ማዳበሪያ ተጠየቀ፤ ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ የአጎቴ ድምፅ ከሬዲዮው ወጣ።

ሰላምታ የለም። ልምላሜ የለም። ቀጥ ብለው ቤቱን ጠየቁ። አከራዬ ሰዓቱን ከእጄ ወስደው ይከታተሉ ነበር። «ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ወላሂ» አሉ።

ሚኒስትሩ ተነሡ። ስለ ትምህርት መስፋፋት ጥቂት ተናገሩ። ቀጠሉና «የግንባታውን መጠናቀቅ የሚገልጽ ሪፖርት ለመሥሪያ ቤታችን አልደረሰም» አሉ።

አከራዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንች ነሽ የጻፍሽላቸው?»

ወረቀቱን ያውጡ፣ ወረቀቱን ያውጡ እላለሁ በሆዴ። የአጎቴ ድምፅ ተመልሶ መጣ። «ጓድ ሚኒስትር...» ወዲያው ተቋረጠ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲስቅ ተሰማ። ከዚያ የሰልፍ ሙዚቃ ገባ።

ምን እንዳሳቃቸው ማንም አላወቀም። ቢሮ ውስጥ አንዱ «አጎትሽ ሸንጎውን አሳቁት አሉ» አለኝ፤ ደግ ይሁን ክፉ ከድምፁ መለየት አልቻልኩም። አምስት ቀን እንዲህ ሆኜ ሰነበትኩ። በአምስተኛው ቀን አጎቴ ከአውቶቡስ ወርደው፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ በሬን አንኳኩ።

«ወረቀትሽን ፈለግሁት» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «በደረት ኪሴ ነው ስል በጎን ኪሴ፣ በጎን ኪሴ ነው ስል የለም። ሊቀመንበሩ ደወል አነሡ። ማሩን ቤቴ ትቼው ነበር፤ ምላሴ ላይ ግን ቀርቶ ኖሯል።»

«አሉት?»

«አልኩት። ጓድ ሚኒስትር፣ ቤቱ ቆሞ ባይገኝ ጉንዶ ማር እሰጣለሁ፤ እርስዎስ ምን ይሰጣሉ አልኳቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«መጀመሪያ አዳራሹ ሳቀ። ቀጥሎ እሳቸውም ሳቁ። የገጠር ልጅ መሆን አለባቸው፤ አሳሳቃቸው የሚያውቅ ሰው ሳቅ ነው። ከዚያ፣ ሰው ተልኮ ይታያል አሉ።»

እኔ ይህችን ቃል ከደብዳቤ አውቃታለሁ። የታየ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። አጎቴን ግን ደስታቸውን አላበላሸሁባቸውም።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጣ። ጎረምሶች ተሸክመው አሻገሩት። መምጣቱን ቀድሞ የሰማው ቀበሌ በሁለት ቀን ውስጥ የቤቱን ግድግዳ እንደገና ለስኖ ጠብቆታል፤ ጭቃው አልደረቀም ነበር። ሰውየው ለካ፣ ግድግዳውን መታ፣ ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አየ፣ ጻፈ። ሲጨርስ አጎቴን «ለመሆኑ ማሩ የእውነት ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። «የእውነት ነው። የረታ ግን አይሰጥም» አሉና ለእንግድነቱ ማር በጣባ አቀረቡለት።

ነሐሴ አለፈ። ምንም አልመጣም። ጳጉሜ ሁለት ቀን ሲቀራት ከበላይ የመጣውን ፖስታ ከፈትኩ። ከላይ ያለው የሌላ ጉዳይ ነበር፤ ሁለተኛው የአስተማሪ ምደባ። የትምህርት ቤቱን ስም ሁለት ጊዜ አነበብኩ። በመዝገብ አስገባሁት፤ ቁጥር ሰጠሁት፤ ለኃላፊዬ ወሰድኩለት። ተመልሼ የመዝገብ ቤቱን በር ዘጋሁና ጥቂት ተቀመጥኩ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ቡሬ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር ሄድኩ።

አጎቴና ልጃቸው ጤፍ ሲያርሙ ደረስኩ። አጎቴ ከሩቅ አይተውኝ ቆሙ።

«መጣ?»

«መጣ።»

«ስንት አስተማሪ?»

«አንድ።»

«ለሁለት ክፍል?»

«የሚከፈተው ሰባተኛ ብቻ ነው። ስምንተኛው ከበጀት ዓመቱ ዕቅድ ጋር ተገናዝቦ...»

«ተይ እንጅ፣ ጓድ ሚኒስትር» አሉና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

ልጅቱ እጇ ጭቃ እንደሆነ ቀና አለች። «ታዲያ ከኋላ ወንበር አይደለም የምቀመጠው?»

«አይደለም። ከፊት ነው።»

«መቼ ነው የሚጀመረው?»

«መስከረም አጋማሽ።»

የቀረውን ማሳ ዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከበፊቱ ይልቅ ፈጠን እያለች ማረም ቀጠለች። እኔም ጫማዬን አውልቄ ከጎኗ ገባሁ።