የቅዱስ ማርቲን ካባ የመሃል ስፌት

ይህን ለባሌም፣ ለጸሎት ቡድኔም፣ ለራሷ ለእማማ ሉርደስም ተናግሬው አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር በአንድ ግቢ እየኖርኩ፣ በእሷ ማሽን እየሰፋሁ ዝም አልኩ። አሁን የምናገረው ደፋር ሆኜ አይደለም። ትናንት አንድ ነገር ስለሰጠችኝ ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሶዌቶ የነበረችን ሱቅ ተዘርፋ እኔና ባሌ አንድ ሻንጣ ይዘን ትሮይቪል የሚባለው ሰፈር ስንደርስ በሯን የከፈተችልን እማማ ሉርደስ ናት። ፖርቱጋላዊት ናት፤ ዕድሜዋን በልብስ ስፌት የኖረች። የጓሮ ክፍሏን ሰጠችን። ሆሳዕና ከተማ እያለሁ ስፌት መማሬን ስትሰማ ማሽኗን በረንዳ ላይ አውጥታ «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የበላነው እንጀራ ሁሉ ከዚያ ማሽን የወጣ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ማንን እንደበደልኩ እንድታውቁ ነው።

የእሷ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በኅዳር የቅዱስ ማርቲንን በዓል በእግር ሰልፍ ያከብራል። ሰዉ የጥንት የአውሮፓ ወታደርና የገበሬ ልብስ ለብሶ፣ የእንጨት ሰይፍና የካርቶን ጋሻ ይዞ ሰፈሩን ይዞራል። ማርቲን ወታደር ሳለ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ለማኝ ካባውን በሰይፍ ለሁለት ከፍሎ ሰጠው ይባላል። ሰልፉም የሚያበቃው በዚሁ ነው። ማርቲን የሆነው ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ካባውን ይከፍልና ግማሹን ከመንገድ ለተጋበዘ የእውነት ደሃ ይሰጣል። የእንጨት ሰይፍ ጨርቅ ስለማይቆርጥ ካባው መሃሉ ላይ በላላ ክር ብቻ ይያያዛል፤ ትንሽ ሲሳብ ይለቃል።

ማርቲን የሚሆነው ሁልጊዜ የእማማ ሉርደስ ባል ነበር፤ ካባውንም በየዓመቱ የምትሰፋው እሷ ነበረች። እኛ በመጣን ዓመት ባሏ ሞተ። በእሱ ቦታ ወንድሙ ገባ፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ያን ጊዜ እማማ ሉርደስ ለመስፋት ልቧ እምቢ አላት። ባሏ የሰቀለውን የሳሎኗን ቀይ የከፈይ መጋረጃ አውርዳ ካባ አድርጌ እንድሰፋው ሰጠችኝ። «መሃሉን ላላ አድርጊው፤ እሱ ጉልበት የለውም» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በዚያው ሳምንት ከጸሎት ቡድናችን እህት ብርሃኔ ሰው ፊት «እህቴ፣ ለጣዖት ልብስ ትሰፊያለሽ አሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ እኔ የለሁበትም» አልኩ። ዋሸሁ። ቤት ገባሁና ያንን የመሃል ስፌት በጂንስ ክር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰፋሁት። ሰልፋቸው ይበላሽ፣ ጌታ ያሳፍራቸው እያልኩ ነበር የሰፋሁት። ግን የትኛው ጣዖት? ሐውልት አልነበረም፤ በእግሩ የሚሄድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ለጌታ ቀንቼ ነው? አይደለም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም ያስጠጋችኝ ሴት ላይ ተወጣሁት።

የሰልፉ ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁ። ሽማግሌው ሰይፉን አሳረፈ፤ ካባው አልለቀቀም። በሁለት እጁ ሳበው፤ አልለቀቀም። መጀመሪያ ልጆች ሳቁ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹም። እማማ ሉርደስ ጥቁር ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ አቀርቅራ ነበር። ያ ቀን የባሏ መታሰቢያ ነበር። ያበላሸሁባት እኔ ነኝ፤ እሷ በሰጠችኝ ማሽን።

ከዚያ ሽማግሌው መታገሉን ተወና የአንገቱን ማሰሪያ ፈቶ ሙሉውን ካባ ለደሃው አለበሰው። ሳቁ ቆመ። ከሰዓት በኋላ በጣለው ዝናብ እሱ በስስ ሸሚዝ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሁሉም ዓመት ያማረ ሰልፍ ነው ሲሉ ሰማሁ። ይህን ግን ለእኔ እንዳትቆጥሩልኝ። ደግነቱ የእሱ ነው፤ የእኔ ስፌቱ ብቻ ነው።

ካባውን የወሰደው ሰውዬ ክረምቱን ሁሉ ለብሶት በደጃችን ያልፍ ነበር፤ እማማ ሉርደስም አስቁማ ሾርባ ትሰጠው ነበር። በዓመቱ አዲስ ቀይ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ዙሪያውን አንቺ ስፊ፤ የመሃሉን እኔ እሰፋዋለሁ» አለችኝ። ልብስ ሰፊ ናትና የሰውዬው ካባ ላይ ያለው ስፌት የማን እጅ እንደሆነ አይታለች። አይታም ከቤቷ አላስወጣችኝም፣ ማሽኗንም አልወሰደችብኝም። ልጄን ስወልድ አልጋዬ ድረስ ምግብ ያመላለሰችው እሷ ናት። እኔ በየዓመቱ አመሰገንኳት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም። ምስጋናው ይቀለኝ ነበር።

ትናንት ጨርቁን ይዛ በረንዳ መጣች። «ዓይኔ መርፌ ማየት አቁሟል። ዘንድሮ የመሃሉንም አንቺ ስፊው፣ ልጄ» አለችኝ።

ጨርቁ ጉልበቴ ላይ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሷ ወጥ ቤት ናት፤ ሬዲዮዋ ይሰማኛል። መርፌው ላይ ክር ከማስገባቴ በፊት ተነስቼ እሄድና «ያኔ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ እማማ» እላታለሁ። እንደምታውቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ከእኔ አፍ ትስማው።