ካርቱም ላይ ያወቅሁት የአባቴ ሕመም

ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። ለመሰናበት የአባቴን ጉልበት ስሜ ስነሳ፣ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ደግፈው አነሱኝ። ያን ጊዜ ከጎናቸው፣ ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ።

«ምን ሆኑ አባቴ?»

«ምንም። ሠላሳ ዓመት ማኅሌት የቆመ ጎን እንዲህ ነው፤ ይንቋቋል» ብለው ሳቁ። ግንባራቸው ግን አልቦት ነበር።

አመንኳቸው። እኛ ዘንድ፣ በገነተ ማርያም ካህናት ሰፈር፣ ወገቡን የማያመው መሪጌታ መቆሙ ራሱ ይጠረጠራል። ባዮሎጂ የተመረቅሁት እኔም አልጠየቅሁም። ቸኩዬ ነበር። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አብዮት ጠባቂዎች ሁለት መምህራን አስረዋል፤ ቀጥሎ ያለው የኔ ስም እንደሆነ ጸሐፊዋ ሹክ ብላኛለች። በፍላቂት አድርጌ ጎንደር፣ ከዚያ በእግሬ በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ።

ላስታ ጋቢ ደርበን በምንቀመጥበት ወር የካርቱም ግድግዳ እጅ ያቃጥላል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ስስ ነው፤ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። አከራዬ ሐጃ ዘይነብ አንድ ረቡዕ ሥጋ አቀረቡልኝ፤ ገፋ አደረግሁት።

«አገራችሁ ረሃብ ነው ይላሉ፤ አንቺ ደግሞ የቀረበልሽን ትገፊያለሽ?»

«ጾም ነው ሐጃ።»

«ሲጠፋም አትበሉ፣ ሲገኝም አትበሉ! ታዲያ መቼ ልትበሉ ነው?»

አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። አንድ ቀን ዶክተሩ የአንድ አናጺ መቅኒ በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ።

«ፕላዝማ ሴል ናቸው» አሉ። «ሥራቸው በሽታ የሚዋጋ አንቲቦዲ መሥራት ነበር። አንዷ ግን ከሥርዓት ትወጣና ያለ ልክ ትባዛለች። የምታመርተው አንቲቦዲ አይረባም፤ አጥንቱንም ትበላለች። የመቅኒ ካንሰር የሚባለው ይህ ነው።»

«ሌሎቹ የሰውነት መከላከያዎች አያጠፏትም?»

«መጀመሪያ ይዘው ያቆዩአታል። ኋላ ይደክማሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ይቀልቧታል። ለዓመታት የቆየ ኢንፌክሽን ይቀሰቅሳታል የሚሉ አሉ፤ እርግጡን ግን አናውቅም።»

እኔ ጠባቂ ተብሎ የተሾመ ቤቱን ሲበላ አይቼ ነው የመጣሁት። ለመረዳት አልዘገየሁም።

«በሽተኛውን ምን ያመዋል?»

«ወገቡንና ጎኑን። ድካም አለው፤ የሳንባ ምች ይመላለስበታል። አጥንቱ ሳስቶ ልጁን ሲያነሳ የጎን አጥንቱ ሊሰበር ይችላል።»

የያዝኩትን የናሙና መስታወት ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

በመተማ ለሚመላለስ ነጋዴ ደብዳቤ ሰጠሁ፤ ወንድሜ አባታችንን አዲስ አበባ ወስዶ መቅኒያቸውን እንዲያስመረምር። መልሱ በሁለት ወሩ መጣ። አባቴን የሳንባ ምች ለሦስተኛ ጊዜ ጥሏቸዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ግን ለመንገዱ የሚያስፈልገውን የይለፍ ወረቀት ከልክሏል። «ልጅዎ ተመልሳ እጇን ትስጥ፤ ያን ዕለት እጽፍልዎታለሁ» አላቸው። ከግርጌ አባቴ በገዛ እጃቸው ጨምረዋል፤ «ልጄ፣ የኔ ሕመም ከመቆም የመጣ ነው። እንዳትመጪ።»

ለሐጃ ነገርኳቸው።

«በሽታው ያ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?»

«መቅኒው ሳይታይ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም።»

«ከሆነስ ይድናሉ?»

«መድኃኒቱ ያስታግሳል እንጂ አያድንም።»

«ብትሄጂ ያስሩሻል?»

«አዎ።»

ሐጃ ተነሥተው ነጠላዬን ለመንገድ አጣጠፉልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ኤምባሲያችን ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ጸሐፊ የመመለሻ ወረቀት እንደምፈልግ ስነግረው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሰው ሁሉ ከእኛ ይሸሻል፤ አንቺ በገዛ እግርሽ? ምን ነካሽ?»

«አባቴ ታመዋል።»

ቅጽ አቀበለኝ። «የመመለሻ ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የአገር ፍቅር በይው፤ ሌላ ምክንያት አይቀበሉም» አለኝ።

እንዳለኝ ጻፍኩና ፈረምኩ።