አምፖል የሌለው ማሽንና ሁለተኛው ቆጣሪ

በባሕር ዳር ቆጣሪ በመትከል የሚበልጠኝ ሰው የለም፤ ካለም እስካሁን አላገኘሁትም። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ ራሴ ተማርሁት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ወጣት ባልደረቦቼ፣ ቀጥሎ የምላችሁን በቁም ነገር እንድትይዙት ነው።

በደርግ ዘመን ሥራ የጀመርሁ ዕለት የቴክኒክ ክፍል ኃላፊያችን ጋሽ ደምሴ ፒንሳና ካቻቢቴ ሰጡኝና፣ «ማኅተም ሳታስርበት ትተኸው የምትመጣ ቆጣሪ እንዳይኖር» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ የእሳቸውን የገመድ አያያዝ አረምሁላቸው። አልተቆጡኝም፤ ደግ ሰው ነበሩ።

ያኔ ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀሙ ነበር። ሒሳቡን የሚካፈሉት በአምፖል ቁጥር ነው። ቆጠራ ሲደርስ አምፖሉን ነቅሎ ጤፍ ውስጥ የሚቀብር ሞልቷል።

አንድ ቀን ከሐይቁ ዳር መሪጌታ ይባቤ ወደ ቢሯችን መጡ። የግቢ ጎረቤታቸው የቀበሌው ሊቀ መንበር ናቸው። በሊቀ መንበሩ ቤት የውጭ አገር ባለሙያ ትቶት የሄደ፣ ሲሞቅ የሚያበርድ፣ ሲበርድ የሚያሞቅ ማሽን አለ። ማሽኑ አምፖል ስለሌለው አይቆጠርም። ብዙ አምፖል ያላቸው መሪጌታ ግን ዕዳውን ተሸከሙ።

«መስመሬን ቁረጡልኝ» አሉ።

«ልጅዎስ? ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ አይደለችም?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«በኩራዝ ታንብብ። እኔ ዳዊት የደገምሁ በጨረቃ ነው።» ይህን ሲሉ ቀና ብለው አላዩንም።

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከዋናው ቀጥሎ ለማሽኑ ብቻ ሌላ ቆጣሪ እንትከል» አልሁ። «ማሽኑ የወሰደውን ቀንሰን የቀረውን በአምፖል ይካፈሉ።»

«ሊቀ መንበሩን ማን ያሳምናል?»

«እኔ።»

ሊቀ መንበሩ በር ላይ ጠበቁኝ። «ማሽኑ ሙቀቱን የሚያመጣው ከውጭ አየር ነው። አየር ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ነው» አሉ።

«ሙቀቱስ የአየሩ ነው፣ ጓድ። ተሸክሞ የሚያስገባው ግን መብራት ነው። ተሸካሚ ሳይበላ ይሠራል?»

በግቢው ያለውን ሁሉ አስጠፋሁና ማሽኑን ብቻ አስበራሁ። የቆጣሪው ዲስክ ቀይ ምልክቱ እስኪደበዝዝ በፍጥነት ዞረ። ማሽኑን ሳስጠፋው ቆመ። መሪጌታ ከመስኮታቸው ሳቁ። የሊቀ መንበሩ ፊት ጠቆረ። በዚያ ዘመን ሊቀ መንበር ላይ መሳቅ የሚያሳስር ነገር ነበር።

ቶሎ ብዬ፣ «በከተማው ባለ ሁለት ቆጣሪ ግቢ የለም። የመጀመሪያው የእርስዎ ይሁን» አልሁ።

«የመጀመሪያው?»

«የመጀመሪያው።»

ሊቀ መንበሩ ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩ። «እንግዲያው ከፊት ለፊት ትከለው፤ ሰው ይየው።»

ቆጣሪ የሚተከለው ኃይሉን የሚወስደው ዕቃ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ነው። ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም።

በዚያ ሰሞን የሠራሁት ይህ ነው፦ ሁለተኛውን ቆጣሪ ተከልሁ፤ ማኅተሙን በእጄ አሰርሁ። ሊቀ መንበሩ ማሽናቸውን ማጥፋት ለመዱ። ሌሎች ግቢዎችም እንደዚያው ትከልልን እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። የመሪጌታ መስመር ሳይቆረጥ ቀረ፤ ልጃቸውም ፈተናዋን አለፈች። ያጠናችው እሷ ብትሆንም መብራቱን ያቆየሁላት እኔ ነኝ።