ነፋስ ሲነሳ የሚጠፋው ኢንተርኔት

አምቦ በተከራየነው ቤት ኢንተርኔቱ ከሰዓት በኋላ ይቆራረጥ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ የምትማረው በእሱ ነው። ራውተሩን አጥፍተን አበራነው፣ ቦታም ቀየርንለት፤ ለውጥ የለም። የጠራነው ቴክኒሻን ጠዋት ሲመጣ ግን ኢንተርኔቱ ደህና ይሠራል።

አንድ ቀን ደጅ ቆሜ ሳለሁ ነፋስ ተነሳ። ባለቤቴ ከውስጥ "ጠፋ!" ስትል የጎረቤታችን አቮካዶ ቅርንጫፍ የስልክ ሽቦውን ሲገፋው አየሁ።

ጎረቤታችን አሮጊት ናቸው። "አዴ፣ ቅርንጫፏን ልቁረጣት?" አልኳቸው።

"ሟች ባለቤቴ የተከላት ናት፣ አትቆረጥም።"

አዝኜ ልመለስ ስል ገመድ ይዘው ወጡ። "አንተ ወዲህ ሳባት፣ እኔ ከአጥሩ ጋር አስራታለሁ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነፋሱ ቢነፍስም መስመሩ አልተቋረጠም። ባለቤቴ ፈተናዋን በሰላም ጨረሰች። ማለፏን ሲሰሙ እሳቸው እልል አሉ።