ውሃው በርዷል

ሥራ የጀመርኩት ተንበርክኬ ነው። በጋይንት በኩል ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የስኳርና የልብ ሕመምተኞች በሚከታተሉበት ክፍል ነርስ ሆኜ በተመደብኩበት ቀን፣ ኃላፊዋ ሲስተር ጥሩወርቅ ወንበሬን በእግሯ ገፋ አደረገችና «አንተ የምትቀመጠው መሬት ላይ ነው» አለችኝ። «ጫማ አስወልቅ። በጣቶቹ መካከል እይ። ከዚያ የእግሩን ትርታ ፈልግ።»

«መጀመሪያ ስኳሩን አልለካም?»

«ስኳሩ የትም አይሄድብህም። ቶሎ የሚያመልጠው እግሩ ነው።»

ትምህርት ቤት ሳለን የደም ሥር መጥበብ በምዕራፉ መጨረሻ የሚነሳ፣ መምህሩ ሰዓት ሲያጥረው የሚዘለው ጉዳይ ነበር። እዚህ በሩን ከፍቶ የሚገባው እሱ ነው። አንዱ ዓይኑ ደብዝዟል፣ አንዱ ኩላሊቱ ደክሟል፣ አንዱ ዳገት ሲወጣ ባቱን ይዞት መንገድ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎታል። ብዙዎቹ ስኳር ወይም የልብ ሕመም እንዳለባቸው የሚያውቁት ከዚህ በኋላ ነው። ከስማዳ ቆላ በእግሩ ለመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ አርሶ ለኖረ ከሲታ ገበሬ «የድሎት በሽታ ነው» የሚለውን የሬዲዮ ምክር መድገም ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ድፍረቱ የለኝም።

ቄስ ይርጋን ያገኘኋቸው ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው። ከአርብ ገበያ ወዲያ ካለ ቀበሌ ምራታቸው እናኑ ይዛቸው መጣች። ልባቸው ደክሟል፣ ስኳርም አለባቸው። ዓይናቸውን አስጨፍኜ ውስጥ እግራቸውን በናይለን ክር ጫፍ እየነካሁ «ሲሰማዎት ይንገሩኝ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ሁለቱንም እግር ጨርሼ ክሩን ሳስቀምጥ፦

«አንተ ልጅ፣ መቼ ልትጀምር ነው?» አሉኝ።

እናኑ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ እግራቸው ደንዝዟል። የቀኝ እግራቸውን ትርታም ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

እሳት አይጠጉ፣ በባዶ እግር አይሂዱ፣ እግርዎን በየቀኑ ይታጠቡና ይዩት አልኳቸው።

«ቤተ መቅደስ በጫማ ልግባልህ?»

«ካልሲ ያድርጉ፣ አባ።»

«ካልሲ ከጫማ ወገን ነው ከእግር ወገን?»

«ከእግር ወገን ነው።»

«ስትዋሽ ያምርብሃል» አሉና መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ።

ውርጩ ሲጠና መጀመሪያ በቃሬዛ፣ ከዚያ በሚኒባስ ተጭነው ተመለሱ። እግራቸው የተጠቀለለው በነጠላ ቁራጭ ነው። ስፈታው ሁለቱም እስከ ቁርጭምጭሚት ተልጠዋል፤ የቀኙ ጣቶች ጠቁረዋል። ሲስተር ጥሩወርቅ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች።

«እሳት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እሳት አላስጠጋናቸውም» አለች እናኑ። «ይኸ ዶክተር እንዳለን ማታ ማታ እግራቸውን አጥባለሁ። ድሮም አጥባቸው ነበር። ያን ዕለት ውሃው በርዷል አሉኝ፤ ከተጣደው ጨመርኩ። አሁንም በርዷል አሉ፤ ደግሞ ጨመርኩ።»

«እጅሽን አላቃጠለሽም?»

እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። የመዳፏ ቆዳ ተላልጧል።

«አቃጥሎኛል። እሳቸው ግን በርዷል አሉ። አማቴን፣ ያውም ቄሱን፣ ውሸትዎን ነው ልበላቸው?»



ሐኪሙ ቀኙ ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት፣ ለዚያም ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸው ነገራቸው።

«እግር ከሌለኝ ቅዳሴ አልቆምም» አሉ ቄስ ይርጋ። «ቆሜ የኖርኩ ሰው ተቀምጬ ምን ልሠራ?»

«ካልተቆረጠ ይሞታሉ፣ አባ» አላቸው ሐኪሙ።

«ለብዙ ሟች ፍትሐት ፈትቻለሁ፤ ሞት አዲስ አይሆንብኝም።» ከዚያ በሩ ሥር የቆመችውን እናኑን አይዋት፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «እንዲህ ሆኜ ቤቴ ከሞትኩ ምራቱ ገደለችው ይሏታል። በል ጻፈው፤ እሄዳለሁ።»

ሄዱ። ቀዶ ሕክምናውን ተረፉ። ቁስሉ ሳይጠግ ግን ልባቸው በድንገት ቆመ። መንደሩም ምራቱ ገደለችው አለ።

ይህን ከተማ ላሉ ወዳጆቼ ሳወራ ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ እግር ማጠብ ሴትን ማዋረድ ነው፣ መቅረት አለበት ይላል። ገሚሱ ያማረ ባህላችን ነው ይላል። ከሁለቱም ወገን የሰው እግር ያጠበ አላገኘሁም። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን የዚያን ሽማግሌ እግር በእጁ ይዞ የሚያይ ሌላ ሰው በወረዳው ውስጥ አልነበረም። እኔ የማየው ቀጠሮ ሲደርስ ነው። መቅረት አለበት የሚሉት እግሩን ማን እንዲያይለት እንዳሰቡ አልነገሩኝም። ባህላችን የሚሉትም ምራት አማቷን «ያቃጥላል» ማለት የማትችልበትን ነገር አብረው እያመሰገኑ መሆኑን ልብ አይሉም።

አርባቸው ከወጣ በኋላ እናኑ ብቻዋን መጣች። የተረፈውን ክኒን በላስቲክ ቋጥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«ደም ሥራቸው የጠበበው ያን ውሃ ከመጣድሽ ብዙ ቀድሞ ነው። ልባቸውንም ያቆመው ያው በሽታ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ ነው» አለች። «እጄ ግን አውቆ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ የስኳር ሕመምተኛ ሲመጣ እግሩን የሚያጥብለት ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ውጭ የቆመችውን አስገባና በሽማግሌው ፊት እነግራታለሁ፦ ውሃውን በክርንሽ ለኪው፤ ካቃጠለሽ ያቃጥላል፤ በርዷል ቢሉሽም አትጨምሪ።